መብረቅ የለኮሰው ደን፤ ከደንቆሮ ጫካ አዋሳኝ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ጥሪው የደረሰን ደሴ ላይ መኪናውን ነዳጅ ስናስሞላ ነው። በወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወዲህ፣ ከደንቆሮ ጫካ ጋር ከሚዋሰን የማኅበረሰብ ደን ጭስ እየወጣ ነው፤ ጥሩምባ ተነፍቷል፤ ቅሬው (የመንደሩ እድር) ሰው እያወጣ ነው። የደን ባለሙያው ጓደኛዬ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት የእሳቱን ትልቅነት አልጠየቀም። "ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?" አለ። ቀጥሎም "ከእሳቱ በላይ ሰው እንዳይቆም" ብሎ ዘጋው።

ወትሮም መንገዳችን ወደዚያው ነበር። እሱ ለክረምት የሚፈሉ ችግኞችን ሊያይ፣ እኔም ስለ ጫካው የምጽፈውን ላሰባስብ ነበር ያሰብነው። አሁን ግን ከመኪናው ኋላ አካፋና ዶማ፣ ባዶ ጀሪካኖች፣ ለፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያገለግሉ ሁለት የጀርባ መርጫዎችም ተጫኑ። መርጫዎቹን ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አጠባቸው፤ የመድኃኒት ቅሪት ያለበት ውሃ ፍም ላይ ሲረጭ የሚወጣው እንፋሎት ሳንባ ውስጥ ይገባል አለ።

ሾፌራችን የአካባቢው ተወላጅ ነው። "መብረቅ ነው ይላሉ" አለ ጉጉፍቱን ስንወጣ። "ሁልጊዜ መብረቅ ነው።" ትዝብቱ ሐሜት ብቻ አይደለም። በአገራችን ደን የሚያቃጥለው ባመዛኙ የሰው እጅ ነው፤ ከሰል የሚያከስለው፣ የጫካ ማር ለመቁረጥ ጭስ የሚያጨሰው፣ አሮጌውን ሣር አቃጥሎ አዲስ ግጦሽ የሚፈልገው፣ የእርሻውን ዳር በየዓመቱ አንድ እርምጃ የሚገፋው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና (የደቡቡ ቦረና ነው፤ የወሎው አይደለም) በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ደን ሲጋይ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ድረስ የእሳት ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲነድም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። እንዲህ ያለ እሳት በተነሳ ቁጥር የመንደሩ ሰው "ማን ለኮሰው?" ሲባል ወደ ሰማይ ያመለክታል። መብረቅ አይከሰስም፤ ጎረቤትም አይደለም፤ ለቅሶ ላይ አብሮህ አይቀመጥም።

ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። ብርዱ በመጋቢትም አጥንት ይገባል፤ ሰዉ በበግ ፀጉር ባና ተጠቅልሎ ቆሟል። በልጉ ዘግይቷል። የገብስ ማሳው ታርሶ ይጠብቃል፣ ገበሬው ሰማይ ሰማይ ያያል። ማክሰኞ ማታ ደመና ተሸክሞ፣ አጉረምርሞ፣ ጥቂት ጠብታ ጥሎ ማለፉን አቀስታ ላይ ሻይ ያቀረበችልን ሴት ነገረችን። "ዛቻው ብዙ፣ ዝናቡ የለም" አለች። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠና ማክሰኞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ነጎድጓዱ ከየት ወዴት እንደሄደ ጠየቃት።

መካነ ሰላም የደረስነው ሲመሽ ነው። ከከተማው ውጭ ተራራው ትከሻ ላይ ቀይ መስመር ይታያል፤ ቀጭን፣ የማይንቀሳቀስ የሚመስል። እኔ አሁኑኑ እንሂድ ባይ ነበርሁ። እሱ ግን ቀኑን የነደደ ቁልቁለት በሌሊት ድንጋይና የተቃጠለ ግንድ እንደሚያንከባልል፣ በጨለማ ከየት እንደመጣ ሳይታይ ሰው እንደሚገድል ነግሮኝ ለመተኛት ሄደ። ማታ ነፋሱ ከተራራው ወደ ታች ስለሚወርድና አየሩ ስለሚረጥብ እሳቱም ያንቀላፋል። የሚነሳው ፀሐይ ስትሞቅ ነው።

ዓርብ

ከመንጋቱ በፊት ተራራው ግርጌ ካለችው መንደር ደረስን። ዘንድሮ ረመዳንና ዓቢይ ጾም ገጥመዋል፤ ስለዚህ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም የሚወጣው ሰው ጾመኛ ነው። የቅሬው ዳኛ ረዥም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ አዛውንት ናቸው፤ ሰዉን በጎጥ በጎጥ አስቀምጠው ማን መጣ ማን ቀረ እያሉ ይቆጥራሉ። ቅሬ ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋመ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ይምጣ። ጥሩምባው የቅሬው ነው፣ መዋጮው የቅሬው ነው፣ የቀረውን የሚቀጣውም ቅሬው ነው። ወደ እሳት ሰው ለማውጣት ከዚህ የፈጠነ ድርጅት አላየሁም።

ሼኹ ከመነሳታችን በፊት አጭር ነገር ተናገሩ። እሳቱ ላይ የሚውል፣ ጥም የጠናበት ሰው ያፍጥር፤ ቀኑን በኋላ ቀዷ (ምትክ ጾም) ያወጣል። ማንም እንዳያፍር፣ ማንም ሌላውን እንዳይታዘብ። ቄሱም ከጎናቸው ቆመው "ልክ ነው፤ የእኛም ውሃ ይጠጣ" አሉ። ከዚያ ዱዓው ተደረገና ወጣን። እውነቱን ለመናገር ከወጣቶቹ አብዛኞቹ አላፈጠሩም፤ ጓደኛዬ እየዞረ ከንፈራቸውን እያየ ሁለቱን በቁጣ አስጠጥቷቸዋል።

ዳገቱ መጀመሪያ ወይራና ጽድ ነው። ከፍ ሲል ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያ አምጃው፣ ከዚያ በላይ ሰው የሚያህል የአስታ ቁጥቋጦ፣ ጫፉ ላይ ጓሳና ጅብራ። እሳቱ የያዘው በጽዱና በአስታው መካከል ያለውን ጉብታ ነው። እየወጣን ሳለ ከኋላዬ የሚሄዱት ሰዎች ስለ አንድ ሰው ያንሾካሽኩ ነበር፤ ስለ አንድ ማር ቆራጭ። ረቡዕ ቀን ወደ ጫካው ሲገባ ታይቷል። ትናንት ጥሩምባ ሲነፋ አልመጣም። ማክሰኞ መብረቅ ጥሎ ከሆነ ጭሱ ለምን እስከ ሐሙስ ቆየ? ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱም ያለቀ ይመስላል።

ዛፉን ያገኘነው የተቃጠለው ቦታ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ጉብታው ላይ ብቻውን ከፍ ብሎ የቆመ አሮጌ ጽድ ነው። ከአናቱ እስከ ሥሩ ግንዱን እየዞረ የወረደ፣ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ነጭ ቁስል አለበት፤ ልጡ ተገሽልጦ፣ ስንጥሩ እስከ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ ተበትኗል። ጓደኛዬ ከስንጥሮቹ አንዱን አንስቶ ለቅሬው ዳኛ ሰጣቸው። "ይህን መጥረቢያ አልፈለጠውም" አላቸው። መብረቅ የሚያልፍበት አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፤ ግንዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ልጡን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ስንጥሩ ጥቁር ያልሆነው ለዚህ ነው። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሥሩ ወሰደን። ግንዱ ከታች ባዶ ነው፤ ውስጡ ለዓመታት የተከማቸ የበሰበሰ እንጨትና ቅርፊት ነበረው። እሳቱ እዚያ ገብቶ ነበልባል ሳያሳይ፣ ጭሱን ቀዳዳው ውስጥ ደብቆ፣ ረቡዕን ሙሉ ሲጨስ ዋለ። ሐሙስ ረፋድ ነፋስ ሲነሳ ቀዳዳው ጭስ ማውጫ ሆነለትና ወጣ። መብረቅ የሚያስነሳው እሳት ቀናት ቆይቶ ብቅ ማለቱ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው።

ዳኛው ስንጥሩን ገለባብጠው አዩና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከኋላዬ የነበረው ሹክሹክታ ቆመ። ሌላም ነገር ተለወጠ፤ እስከዚያ ድረስ የየጎጡ ሰው ለየብቻ ተራርቆ ነበር የሚሄደው፤ ከዚያ በኋላ ተደባለቀ። የሰው እጅ በለኮሰው እሳት ላይ ሁሉም ሲሠራ ጎረቤቱን በዓይኑ ይፈልጋል፤ የለኮሰውም፣ የለኮሰውን የሚያውቀውም አጥፊ መስለው እንዳይታዩ ይሸሻሉ። ጓደኛዬ ከውሃ እጥረት ይልቅ ይህ እንደሚያስቸግረው ሲያማርር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ሥራው የጀመረው ከዚያ ነው። የእሳት ማገጃ መስመር ማለት በቃል ቀላል ነው፤ እሳቱ ከሚሄድበት ፊት ለፊት የሚነድ ነገር በሙሉ ተነስቶ ቀይ አፈር እስኪታይ መጥረግ። አስታ ላይ ግን ስፋቱ ከቁጥቋጦው ቁመት መብለጥ አለበት፤ አስታ እርጥቡም ይነዳልና። እሳት ሲነካው እየተንጣጣ ባንድ ጊዜ ከሥር እስከ ጫፍ ይያያዛል። ከፊት ገጀራና መጥረቢያ የያዙት ይቆርጣሉ፣ የቀጠሉት ይጎትታሉ፣ ከኋላ ዶማና አካፋ ይቆፍራል። የተቆረጠው ቁጥቋጦ እሳት ወዳለበት ሳይሆን ወደ ውጭ ይጣላል። ጓደኛዬ በአሜሪካ ተራሮች የእሳት ሠራተኛ ሁሉ የሚይዘው፣ ባንድ ወገኑ መጥረቢያ በሌላው ዶማ የሆነ መሣሪያ እንዳለ ሲነግራቸው አንድ ጎልማሳ እጀታውን እያላበ "ቀጥቃጫችን ለሐሙስ ገበያ ይሠራዋል፤ ሥዕሉን ብቻ ተውልን" አለ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ተገለበጠ። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ይወጣል፤ እሳቱም አብሮት። ዳገት ላይ ነበልባሉ ወደ ፊቱ ያለውን ተክል ተደግፎ ስለሚያደርቀው ከሜዳው ይልቅ እጅግ ይፈጥናል። ጉብታው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ (ሥራቸው ማየት ብቻ ነበር) አፋቸው ውስጥ ሁለት ጣት ከተው አፏጩ። ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ጠዋት በተነገረው መንገድ፣ ወደ ጎን፣ ቀድሞ ወደ ነደደው ጥቁር ቦታ ገባ። አንድ ልጅ ብቻ ሽቅብ ለመሮጥ ሞከረ፤ ወንድሙ በኮቱ ጎትቶ መለሰው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቆመን የነበረበት አስታ እየጮኸ ነደደ።

ጥቁሩ አመድ ላይ ተቀምጠን ጓደኛዬ "ማን ገልች" ስለሚባል ሸለቆ ነገራቸው። በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ መብረቅ ያስነሳውን እሳት ለማጥፋት ወጣቶች በፓራሹት ወረዱ። እሳቱ ከበታቻቸው ተነስቶ ሣሩን ይዞ ሽቅብ አባረራቸው። 13 ሰዎች ሞቱ። አለቃቸው የዳነው ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኩሶ በነደደው ቦታ ላይ በመተኛቱ ነው። ሽቅብ ሊሮጥ የነበረው ልጅ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ሽማግሌው ግን "ይህን ሰው ማን አስተማረው?" ብለው ጠየቁ። ማንም እንዳላስተማረው ሲሰሙ "አላህ ነው" አሉ።

ቅዳሜ

መስመሩ ቀትር ሳይሆን ተዘጋ። ባንድ ወገን ገደሉ ራሱ ማገጃ ሆነ፤ በላይ በኩል በጎች ለዘመናት የረገጡት መንገድ አፈሩን ገልጦት ስለነበር እሱን ማስፋት ብቻ ነበር የቀረን። ካርታ ላይ የማይገኝ የበግ መንገድ የአንድ ቀን ጉልበት አዳነ።

ሴቶች ከምንጩ በጀሪካን ውሃ ሲያወጡ ዋሉ። የሚወጣው ውሃ እሳት ለማጥፋት እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ለሁለት ነገር ብቻ ይውላል፤ ለመጠጥና ባና ለመንከር። የበግ ፀጉር ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ረጥቦ ሲከብድ ደግሞ በሣር ላይ የሚሄድ ዝቅተኛ እሳትን ባንድ ምት ያፍነዋል። የተለበለበ ፀጉር ሽታ እስካሁን ልብሴ ላይ አለ። አንዲት እናት ባናዋ ተበሳስቶ ሲመለስላት ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየቆጠረች "ይህ የልጄ ነው፣ ይህ የአማቼ ነው" እያለች አሳቀችን።

እረፍት ላይ ትንሽ ክርክር ተነሳ። በአሜሪካ መብረቅ ያስነሳውን እሳት አንዳንድ ቦታ እየጠበቁ እንዲነድ እንደሚተዉት፣ የአንዳንድ ደን ተፈጥሮም ይህን እንደሚፈልግ ጓደኛዬ ነገራቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. የሎውስቶን በተባለው ብሔራዊ ፓርክ መጀመሪያ ላይ የተተዉ የመብረቅ እሳቶች በድርቁና በነፋሱ ከቁጥጥር ወጥተው፣ ሌሎችም ተጨምረውባቸው፣ 320,000 ሄክታር ገደማ የፓርኩን መሬት አዳርሰዋል፤ ያስቆማቸው የመስከረም በረዶ ነው። "ታዲያ ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ጥፋት?" አለ አንዱ። ሁለቱም ነው አለ ጓደኛዬ፤ ደኑ ተመልሶ በቅሏል።

ይህን ሐሳብ እኔም ከመጽሐፍ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ላይ ሲታይ ግን መሬቱ ይከለክላል። አስታው ቢነድ ችግር የለውም፤ ከሥሩ እብጠት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ጽድ ግን አንዴ ከነደደ ከጉቶው አይበቅልም፤ ከዘር ተነስቶ አያቱን እስኪያህል የሰው ዕድሜ አይበቃውም። የሎውስቶን ወደ 900,000 ሄክታር ነው፤ አንድ ጎኑ ቢነድ ሌላው ዘር ያቀብላል። ይህ ጉብታ ግን ዙሪያውን የታረሰ፣ የተረፈ ቁራጭ ነው። ከጀርባው ባለው ደንቆሮ ጫካም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚሸሹበት ሌላ ተራራ በቅርብ የላቸውም። ሽማግሌው ነገሩን ባጭሩ ጨረሱት፤ "ብዙ ያለው ይተው። እኛ ምን አለንና?"

ማታ አዛን ሲሰማ ጥቁሩ መስመር ላይ ተምርና ውሃ ዞረ፤ ቀድመው የቀመሱት ክርስቲያኖች ቆሏቸውን ጨመሩበት። የሌሊቱ ተረኛ ተመደበ።

እሑድ

ለተመልካች ምንም የማይታይበት፣ ለሠራተኛው ግን አድካሚው ቀን። ነበልባል የለም። ጥቁር መሬት ላይ ተንበርክኮ በእጅ ጀርባ አፈሩን መዳሰስ፣ የሞቀውን መቆፈር፣ ፍሙን ካፈር ጋር ማሸት፣ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ እንደገና መዳሰስ። ጓደኛዬ መስመሩን ተሻግሮ ያለ አንድ ቦታ ላይ ቆመና አሸተተ። የጽዱ ሥር ክንድ የሚያህል ሆኖ ከማገጃው በታች አልፎ ወደ ጤነኛው ደን ገብቷል፤ ውስጡ እንደ ከሰል ምድጃ ቀልቷል። ላዩ ላይ ቅጠል አልጠወለገም። በሁለት ክንድ ጥልቀት ቆፍረው ቆረጡት። ሳይታይ ቢቀር ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከመስመሩ ማዶ ይወጣ ነበር።

ማር ቆራጩም በዚህ ቀን መጣ። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ የራሱን ዶማ ይዞ ጉቶ ላይ ተቀመጠና መቆፈር ጀመረ።

ሰኞ

ሌሊቱን በልጉ ገባ። ሞቅ ያለ ዝናብ ሳይሆን ቀጭን፣ የሚቆይ ዝናብ፤ ለገብሱም ለፍሙም የሚበቃ። ጓደኛዬ ዝናቡን ሳያምን ረፋዱ ላይ ወጥቶ ጉቶዎቹን ዳሰሰና ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ሁለት ጠባቂ ለሳምንት እንዲቆይ ተስማሙ።

ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው መጀመሪያ ያን ስንጥር ከነጠላቸው ፈትተው መሐል አስቀመጡት፤ ማንም ሰው በዚህ እሳት ስሙ እንዳይነሳ አሉ። ማር ቆራጩን ያሙት ተነስተው ይቅርታ ጠየቁት፤ ተቀበለ። ቀጥሎ የቀሩት ሰዎች ስም ተነበበ፤ በመጀመሪያው ቀን ጥሩምባ ተነፍቶ ካልመጡት ውስጥ የእሱም ስም አለ።

ሰውየው ዘለለ። "ለኮሰው ብላችሁ ስታሙኝ እዚያ መጥቼ ምን ልሁን? ልደበደብ? አሁን ደግሞ ቀረህ ብላችሁ ትቀጡኛላችሁ?"

"ያሙህን ይቅርታ ጠይቀውሃል" አሉ ዳኛው። "ጥሩምባው ግን አላማህም።"

ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ሼኹ ይማር አሉ፤ ወጣቶቹ ለሁሉም አንድ ሕግ ነው አሉ፤ ቄሱ ቅጣቱ ይቀነስ አሉ። ሾፌራችን ዝናቡ መንገዱን ሳያበላሸው እንሂድ እያለ ሲጨቀጭቀን ፍርዱ ተሰጠ፤ ገንዘቡ ቀርቶለት ለቅሬው አራት የወይራ እጀታ እንዲያመጣ። እሱም ሁለት ብቻ ነው የማመጣው ብሎ እንደገና ተነሳ።